የሰባት ፉርጎ ቤታችን

ባለፈው የካቲት ወደ ሰመራ ስወርድ አውቶቡሳችን እንደ ልማዱ አዋሽ ሰባት ኪሎ ለምሳ ቆመ። ከሆቴሉ ማዶ የቆመ አንድ የጂቡቲ መስመር መኪና ሸራውን አውርዷል፤ ሁለት ሰዎች መሬት ላይ ዘርግተው ያጥፉታል። ፀሐይ የመታው የመኪና ሸራ ሽታው ልዩ ነው። ናፍጣ አለበት፣ አቧራ አለበት፣ መቼ እንደሆነ እንጃ ከሥሩ ተጭኖ የነበረው ሽንኩርት እንኳ አልለቀቀውም። ያዘዝኩትን ጥብስ ትቼ መንገዱን ተሻገርኩና አጠገባቸው ቆምኩ። አንደኛው ቀና ብሎ «እህት፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ኧረ ምንም» ብዬ አፍሬ ተመለስኩ። አንድ ክረምት ትዝ አለኝ ተብሎ ለማያውቁት ሰው በምሳ ሰዓት አይነገርም።

ያን ክረምት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አራተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። የምንኖረው እዚያው ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ዘነበች፣ እኔና አራት ዓመት የሞላው ወንድሜ ሚኪ ነን። አባቴ የውሃ ፓምፕ ቴክኒሻን ነው። መሥሪያ ቤቱ መስከረም ላይ ወደ ሰመራ አዛውሮት ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ያየነው ሁለቴ ብቻ ነው፣ አንዴ ለገና፣ አንዴ ለፋሲካ። ሰኔ ላይ «የመንግሥት ቤት ደረሰኝ፣ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁኝ» ብሎ ጻፈልን።

እኔ የመንግሥት ቤት ማለት መንግሥት ራሱ የሚኖርበት ቤት መስሎኝ ነበር። አንዱን ክፍል ለእኛ ሰጥቶ በሌላው እሱ ይተኛል ብዬ አምኜ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ሚኪን ከአሁኑ ማስለመድ ጀመርኩ። «እንዲህ ስታለቅስ መንግሥት ከሥራ ደክሞት ቢመጣና ቢሰማህ ያስወጣናል» እለዋለሁ። ሚኪ መንግሥት ጢም አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለው አልኩት። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ቀን ያህል በሹክሹክታ ሲያለቅስ ሰነበተ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ክረምት የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ የእግር መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ይንቀጠቀጣል። ዕቃ መሰብሰቡን ያነሳንባት እንደሆነ መልሷ አንድ ነው፦ «ነገ።» እውነቷን ነው፣ ሥራ ነበረባት። ሥራ የሌለባት ቀን ግን ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ከማካሮኒ ካርቶን አንዱን ታመጣና ቡፌው ፊት ትንበረከካለች። አንድ ብርጭቆ አውጥታ በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ከዚያ ጋዜጣው ላይ ያለውን ታነባለች። አንብባ ስትጨርስ ብርጭቆውን ፈትታ ውሃ ትጠጣበታለች። ቀጥሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ቤቱን ትቃኛለች፤ ቁም ሳጥኑን፣ ቡፌውን፣ ከአልጋ ሥር የተወሸቀውን ጆንያ ሁሉ፣ በር ላይ የተሰቀለውን ሁሉ። ዓይኗ እየፈዘዘ ይመጣል። «ከየት ነው የሚጀመረው?» ትላለች፣ ማንንም ሳትጠይቅ። ሐምሌ ሲያልቅ የተሰበሰበው ዕቃ አንድ ካርቶን ነው፤ ውስጡ ያለው ደግሞ አንድ ብርጭቆና ሦስት ሹካ።

እኔ ይህን ሁሉ አይቼ የደረስኩበት መደምደሚያ እናቴ አባቴን አትወደውም የሚል ነበር። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ባሏ ጋር መሄድ ብትፈልግ ብርጭቆ ያቅታታል? በዚህ ምክንያት ተቀይሜያት ስጠራ የማልሰማ ሆኛለሁ፣ ወጥ ስትጨምርልኝም አላመሰግንም። እሷ ግን ኩርፊያዬን ሳታየው ሙቀቱ ነው ብላ ውሃ ታፈስብኝ ነበር።

ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን አንድ ትልቅ ተሳቢ መኪና ከነጭነቱ መጥቶ ከመንደራችን ጫፍ ቆመ። ሾፌሩ ሁሴን ይባላል፣ የአባቴ ወዳጅ ነው። ከጂቡቲ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ እየወጣ ነው። የአባቴን ደብዳቤ ለእናቴ ሰጥቷት ሞተሩን ሳያጠፋ ከመሪው ላይ ሆኖ ተናገረ።

«እህቴ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ እገባለሁ፣ ከዚያ ባዶዬን ነው የምወርደው። በሚቀጥለው ወር አምስት ላይ እዚህ ነኝ ኢንሻአላህ። ለምሳ እቆማለሁ። እኔ በልቼ እስክነሳ በር ላይ ያገኘሁትን እጭናለሁ፣ ያላገኘሁትን እተዋለሁ። ወደብ ላይ ተራዬ ካለፈ ጌታዬ አይምረኝም።»

«በሚቀጥለው ወር አምስት» አለች እናቴ። ከነሐሴ ቀጥሎ ጳጉሜ ነው፤ ጳጉሜ አምስት ደግሞ የዓመት በዓል ዋዜማ። ሰውየው እጁን አውለብልቦ ሄደ።

ደብዳቤውን ጮክ ብላ ስታነብ አጠገቧ ነበርኩ። ቤቱ የሚጠበቅልን እስከ አዲስ ዓመት ብቻ ነው ይላል። እስከዚያ ቤተሰብ ያልገባበት ቤት በተራ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ይሰጣል፤ ሌላ ቤት መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም፤ በራሳችን መኪና እንዳንከራይ አቅሙ የለንም። «ይህ ካለፈን እኔ እዚህ፣ እናንተ እዚያ እንደሆንን እንቀራለን» ብሎ ነበር የጨረሰው። እናቴ ደብዳቤውን አጥፋ ጡቷ ውስጥ ከተተችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ በየነ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ በየነ ጎረቤታችን ነው፤ የድሬዳዋ ሰው፣ ዕድሜውን ባቡር ጣቢያው የጭነት ክፍል ፉርጎ ሲያስጭን ፈጅቶ ጡረታ የወጣ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ እየሳሳ ሄዶ አንዳንዴ ብቻ ነው ብቅ የሚለው፣ እሱ ግን በየቀኑ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ሀዲዱን አይቶ ይመለሳል። አንቱ ያለውን ሰው ይጣላል። እናቴ «ጋሽ በየነ፣ ሱሪዎ ለሐሙስ ይደርሳል» ያለችው እንደሆነ «ምነው ታስረጂኛለሽ? ሱሪህ በይ!» ብሎ ይቆጣል። ልጆቹም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው፤ ሌላ አገር ሄጄ እንደዚያ ብል በጥፊ እንደምባል አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ በየነ አንድ ሙሉ ፓኬት ነጭ ጠመኔ ይዞ መጣ። ሰላም እንኳ ሳይል ተንበርክኮ ሲሚንቶው ላይ መስመር ማስመር ጀመረ። ከበሩ እስከ ቁም ሳጥኑ አንድ መስመር፣ ከቁም ሳጥኑ እስከ አልጋው ሌላ። ሁለቱን ክፍል ሰባት ቦታ ከፍሎ በየመሐሉ ቁጥር ጻፈበት።

«ይኸው» አለ ጉልበቱን እያራገፈ። «ሰባት ፉርጎ አለሽ። አቦ ዘነበች፣ ቤት እንዳለ አይጫንም። ቤት የሚያነሳ ማን አለ? የሚጫነው ፉርጎ ነው።»

«ጋሽ በየነ፣ መቼ ተጀምሮ መቼ ያልቃል ብለው ነው?» አለች እናቴ።

«ለአንድ ፉርጎ አራት ቀን ሰጥቼሻለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይተርፍሻል፣ እሱ ለነፋስ ነው፣ ለድንገተኛ ነገር፣ እንዳትነኪው። ዛሬ ያለው አንደኛው ፉርጎ ብቻ ነው። ስድስቱ የሉም። በአጠገባቸው ስታልፊ ሰላም እንዳትያቸው!»

ሥራው ከቁርስ ሻይ በኋላ ይጀመርና ፀሐይ ደፋችንን ስትረግጥ ያቆማል። ፀሐይዋ ደፉን ከረገጠች በኋላ ማንኪያ እንኳ በእጃችን ቢኖር ባለበት አስቀምጡ ይላል። የመጀመሪያ ቀን እናቴ እፎይ ብላ ወደ ስፌቷ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ግን «ይህችን አንዷን ጆንያ ልቋጥራትና» ብላ ስትለምነው ሰማኋት። «አይሆንም» አለ። «ነገ ምን ልትሠሪ ነው?» እናቴ ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ጋሽ በየነ ሥርዓቱን ሁሉ ያመጣው ከጣቢያው ነው። አንደኛው ፉርጎ እስክንሄድ ድረስ እጃችን የማይነካውን ይይዛል፤ የጥምቀት ልብሳችንን፣ ከደሴ የመጣውን ወፍራም ብርድ ልብስ። ሰባት ኪሎ ላይ ብርድ ልብስ ምን እንደሚሠራልን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰባተኛው ፉርጎ ፍራሽና ማዕድ ቤት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገን መጨረሻ ይጫናል፣ ስንደርስ ቀድሞ እንዲወርድ። የእኔ ሥራ ጠመኔ መያዝ ነበር። በእያንዳንዱ ካርቶንና ጆንያ ላይ የፉርጎውን ቁጥር በሦስት ወገን እጽፋለሁ። «ጭነት ሲያሻው ፊቱን ያዞርብሻል» ይለኛል ጋሽ በየነ፣ «ቁጥሩ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ተሸወድሽ።» ሚኪ ለእሱ ቁጥር አልተሰጠኝም ብሎ በጣም አለቀሰ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በደንቡ። ካኔተራው ጀርባ ላይ ሦስት ጻፍኩለት። ጋሽ በየነ አየውና በቁም ነገር አጠፋው። «ይህ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፣ ፉርጎ አይገባም» አለ።

የማይሄድ ዕቃ ደግሞ ጓሮ፣ ኒም ዛፏ ሥር ይቀመጣል። የተሰነጠቀው ባልዲ፣ ድምፅ የሌለው ሬዲዮ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ እግር ጫማ። ማታ ማታ ጎረቤት መጥቶ የሚፈልገውን ያነሳል። እኔ ይህን በር ስር ሆኜ ሳይ ጋሽ በየነ ቤታችንን ለመንደሩ የሚያከፋፍል መስሎኝ ሄጄ ለእናቴ ተናገርኩ። ባልዲውንም መልሼ አልጋ ሥር ደበቅኩት። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አስገባሁት። ጋሽ በየነ በሦስተኛው ቀን ባልዲውን አንስቶ «ይህ ዕቃ እግር አለው» ብሎ ራሱ ቤት ወሰደው።

በአንደኛው ፉርጎ መሐል ትምህርት ቤት ሄደን የእኔን መልቀቂያ አወጣን። ዳይሬክተሩ ክረምት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚገኙት። ይህም የጋሽ በየነ ትእዛዝ ነው፤ ወረቀት ከዕቃ ይቀድማል፣ ወረቀት የሚሰጥ ሰው አንዴ ከጠፋ አይገኝም ይላል።

ነገሩ የተበላሸው ሦስተኛው ፉርጎ ላይ ነው። ሦስተኛው ፉርጎ ቡፌው ነበር። ብርጭቆዎቹን በአባቴ ካልሲዎች እየከተትን፣ ሳህኖቹን በጨርቅ ቁርጥራጭ እየለየን ጥሩ እየሄድን ሳለ ከታችኛው መሳቢያ አንድ የድስት ክዳን ወጣ። ክዳን ብቻ። ጋሽ በየነ አገላብጦ አየው። «ድስቱስ?»

«የለም» አለች እናቴ።

«እንግዲያ ወደ ኒሙ» ብሎ ሰጠኝ።

እናቴ ከእጄ ቀማችኝና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ገና ደፉ ላይ አልደረሰችም። እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አላነሳችም። ጋሽ በየነ ወጥቼ እንድጫወት ነገረኝ፤ እኔ ግን ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ።

«አሰብ ነው ያደግኩት፣ ታውቅ የለ?» አለች። አንቱ ማለቱን ያን ቀን ረሳችው። «ልጃገረድ ሳለሁ ውጡ ተባልን። የሰጡን ጊዜ አንድ ጠዋት ነው። ሰው ደጅ ቆሞ ቶሎ በሉ ይላል። እኔ ቤት ውስጥ እሮጣለሁ፤ ይህን አነሳለሁ፣ ያንን አነሳለሁ። ኮምቦልቻ ደርሰን ሻንጣዬን ስከፍተው ይህ ክዳን ነው ያለው። ድስቱ የለም። የእናቴ ፎቶ ግድግዳው ላይ ቀርቷል፤ ዓይኔ እያየው ነው ትቼው የመጣሁት። አሁን ዕቃ ስነካ ያ ጠዋት ይመጣብኛል። ደግሞ ክዳን ይዤ ሰመራ የምገባ ይመስለኛል። እጄ እምቢ ይለኛል።»

ጋሽ በየነ ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ ሲፈልግ ሰማሁት።

«ያን ጊዜ ደጅ የቆመ ሰው ነበረ» አለ። «አሁን ደጅ ማን አለ? ማንም። ባቡሩን የምትለቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ሳትይ አይሄድም። ራሔል! ከመጋረጃው ውጪና እዚህ ክዳን ላይ ሦስት ብለሽ ጻፊበት።»

ወጥቼ ጻፍኩ። ለክዳን በሦስት ወገን መጻፍ አይመችም፣ ቢሆንም ጻፍኩ። በጣም አፍሬ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እናቴን አባቴን አትወድም ብዬ ሳኮርፍ ቆይቼ፣ ነገሩ ለካ ፈርታ ነው። ማታ ወጥ ስትጨምርልኝ «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» አልኳት። ግንባሬን ነካች፤ ያመመኝ መስሏት ነው።

ከዚያ በኋላ ነሐሴ ጥሩ ሆነ። ልጅነቴን ሳስብ ደስ የሚለኝ የዚያ ወር ጠዋት ነው። ነፋሱ ከአዋሽ ወንዝ ገደል በኩል አቧራና የእርጥብ ሣር ሽታ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ዝናብ ጠብ ጠብ ብሎ ይተወዋል። ቤቱ እያደር ይሰፋል። አራተኛው ፉርጎ ካለቀ በኋላ ድምፃችን ግድግዳው ላይ ይነጥር ጀመር፤ ሚኪ ባዶው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ስሙን እየጠራ ራሱ «አቤት!» ይላል። እናቴ ስፌቷን እየሰፋች ታንጎራጉራለች። ያዘገየችው ዩኒፎርም ሁሉ ለባለቤቱ ደረሰ። ስድስተኛው ፉርጎ ነሐሴ ሃያ ስምንት ላይ ታሰረ። ጋሽ በየነ በሚተርፉት ቀናት ገንዘብ እንዳገኘ ሰው ይኮራ ነበር።

ነሐሴ ሠላሳ ቀን እናቴ ከጠዋት ጀምሮ አንሶላና የእኛን ልብስ አጥባ በሳፋ ሙሉ ይዛ ልታሰጣ ትወጣለች። ሽሮው ምድጃ ላይ ነው። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። መኪና ጡሩምባ ነፋ። ዞር ስንል ሁሴን በሩን ከፍቶ እየወረደ ነው፤ ተሳቢው ባዶ፣ ሸራው ከኋላ ተጠቅልሏል።

«በር ላይ ምንም የለ!» አለ ሁሴን። «እህቴ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ዛሬ እኮ ነሐሴ ሠላሳ ነው» አለች እናቴ። «ያልከው ጳጉሜ አምስት አይደል እንዴ?»

«ጳጉሜ ማን አለ? ወላሂ አምስት ብያለሁ፣ አምስትም መጣሁ!» ከደረት ኪሱ የወደብ ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋው። «ይኸው፣ ዛሬ አምስት። እኛ የጂቡቲ ሰዎች የምንሠራው በፈረንጅ ነው።»

ጋሽ በየነ ከውስጥ ወጥቶ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። ከዚያ በመዳፉ ግንባሩን መታ። «እኔ ነኝ አህያው! ዕድሜዬን ሙሉ የጣቢያውን መዝገብ በፈረንጅ ቀን ስጽፍ ኖሬ፣ በማን አቆጣጠር ነው ብዬ አልጠይቅም? እኔ ነኝ አህያው፣ አቦ!»

«ሁለት ቀን ብትታገሠን…» አለች እናቴ።

«ሁለት ሰዓትም የለኝ እህቴ። ምሳዬን በልቼ ዙሁር ሰግጄ እነሳለሁ። እስከዚያ ያለውን ጫኑ፣ የቀረውን አላህ ያውቃል።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር መሬት መሬት ነው የሚያየው። መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሆቴሉ ሄደ።

እናቴ ሳፋውን እንደያዘች ቆማለች። ከአንሶላው የሚንጠባጠበው ውሃ እግሯን ያርሰዋል። ደጅ የቆመ ሰው መጣ፣ ደግሞም ቶሎ በሉ አለ። ዓይኗ ሲፈዝ አየሁት፤ ያ የአልጋ ጠርዝ ላይ የሚመጣው መፍዘዝ ነው። ሰመራ ሲቀር ታየኝ፤ አባቴ እዚያ፣ እኛ እዚህ፣ በዓመት ሁለቴ።

እናቴ ሳፋውን መሬት አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ራሔል» አለች፣ «አንድ ቁጥር የተጻፈበትን ሁሉ በር ላይ አሳዪኝ። ሚኪ፣ ከመንገድ ላይ ውጣ። ጋሽ በየነ፣ አንተ መኪናው ላይ ውጣና ተቀበል!»

«አንተ» ስትለው ፊቱ በራ። እንደ ጎረምሳ ተንጠላጥሎ ወጣ።

የመንደሩ ሰው ጡሩምባውን ሰምቶ መጥቷል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በቁጥር ትጠራለች። «አንድ! አንድ የቀረ አለ? የለም። ሁለት!» ቁጥሩን እኔ እያየሁ እጠቁማለሁ፤ ሰዎቹ ያነሳሉ፤ ጋሽ በየነ ከላይ ሆኖ ይደረድራል። ማንም ምን ይቅደም ብሎ አልጠየቀም። የተቸገርነው ሰባተኛው ላይ ነው፣ ገና አልታሰረምና። የአልጋው ብሎን ዝጎ አልፈታ ሲል አራት ሰዎች አልጋውን ከነፍራሹ ከነአንሶላው እንደተነጠፈ ተሸክመው ጫኑት። የታጠበው ልብስ ከነውሃው በሳፋው ሄደ። ሽሮው እየፈላ ነበር፤ ድስቱን በጨርቅ ይዤ እንድቀመጥ ተነገረኝ። አንዲት ጎረቤት የማዕድ ቤቱን ዕቃ በሙሉ በአንድ ጋቢ ቋጥራ አመጣችው።

ሁሴን ጥርሱን በስንጥር እየፋቀ ሲመለስ ጋሽ በየነ የሸራውን ገመድ እየቋጠረ ነበር። ሁሴን ወደ ቤቱ ገብቶ አየ። ሲሚንቶው ላይ ሰባት የጠመኔ ሣጥን እንጂ ምንም የለም። «ማሻአላህ» አለ። «እኔ እኮ ገና ሁለተኛ ሻዬን አልጠጣሁም ነበር።»

ጋሽ በየነ ስንሰናበተው አላለቀሰም። መኪናውን ሁለቴ ዞረው፣ ሸራውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ አንዱን ገመድ ፈትቶ እንደገና አሰረው። እናቴ ትከሻው ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ «ሂጂ፣ ሰውየው ተራው ያልፍበታል» አላት። እኔን በሁለቱም ጉንጬ ሳመኝ፤ ጢሙ ጠመኔ ጠመኔ ይሸት ነበር። እኔ ግን ገዋኔ እስክንደርስ ማልቀሴን አላቆምኩም። ገዋኔ ላይ ሽሮውን በዳቦ በላነው፣ ሁሴንም አብሮን በላ።

ሚሌ አድረን በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ሰመራ ገባን። የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ሜዳና አንድ ዓይነት የሆኑ ቤቶች ረድፍ ነው። ነፋሱ የምድጃ አፍ ነው የሚመስለው። የሰፈሩ ዘበኛ የአባቴን ስም ስንነግራቸው «ከትናንት በስቲያ አፋምቦ ወርዷል፣ ፓምፕ ተበላሽቶ። ዛሬ ወይ ነገ ይመጣል» አሉና ትርፍ ቁልፍ አምጥተው ከፈቱልን። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻማ፣ አንድ ጀሪካን፤ የአባቴ ቤት ይኸው ነው። ሁለተኛውን ክፍል ቶሎ ብዬ ከፍቼ አየሁ፣ ማንም የለም። ለሚኪ መንግሥትም ፊልድ ወጥቷል አልኩት።

ሰባተኛው ፉርጎ ቀድሞ ወረደ። አልጋው እንደተነጠፈ ገባ። ሁሴን ምሳ እንኳ ሳይበላ ወደብ ወደብ እያለ ሄደ። እናቴ ሰባት ኪሎ ያጠበችውን ልብስ ሰመራ ላይ አሰጣች፣ ፀሐይዋ ስለከበደችባት በመስኮቱ ላይ አንሶላ ሰቀለች። ወደ ማታ ገደማ የሰፈሩ ቦኖ ጋ ሄጄ ውሃ እንድቀዳ ላከችኝ። ቦኖው ከዘበኛው ጎጆ ጎን ነው።

ጀሪካኑ ሊሞላ ሲል የመሥሪያ ቤት መኪና መንገዱ ዳር ቆሞ አንድ ሰው አወረደ። አባቴ ነው። ከስቷል፣ አቧራ ለብሷል። ልጠራው አፌን ስከፍት ቆም አለ። ወደ ቤቱ ያያል። ገመዱ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ አንሶላ፣ ደፉ ላይ የልጅ ጫማ። ቤቶቹን ከጫፍ ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ትከሻው ወረደ። ዞሮ ወደ ዘበኛው መጣ፤ ከጎጆው ጥላ ውስጥ ስለሆንኩ አላየኝም።

«አባባ» አላቸው፣ ድምፁ እንደታመመ ሰው ቀጭኖ። «እስከ አዲስ ዓመት ይጠበቅልሃል ብለውኝ አልነበረም? ለማን ሰጡት?»

ዘበኛው ቀልደኛ ናቸው። በአገጫቸው ወደ እኔ አሳዩት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጅቷን ጠይቃት» አሉ።

አባቴ ዞረ። ጥያቄው ለእኔ ስለሆነ፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ በትክክል መመለስ እንዳለብኝ ስለማውቅ፣ ጀሪካኑን አስቀምጬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ለእኛ ነው የሰጡት» አልኩት።

አባቴ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ እዚያው መንገዱ ዳር፣ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ።